ሦስት ሊትር ዘይትና የተረሳው ካፒታል

በከተማችን ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ቀለሙን በፀሐይ ያያል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ያሸታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ያነባል፤ ማንም ባያምነውም። ሊብሬው ይገለበጣል፣ ዕዳና እገዳ ይጠየቃል። ከዚያ ደላላው ሁለቱንም እጅ አያይዞ ዋጋ ያስቆርጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ «ይባርክላችሁ» ይባላል። በዚህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት መካከል ግን ተንበርክኮ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የተንጠለጠለውን ድቡልቡል ብረት የሚያይ ገዢ እምብዛም አይገኝም።

ያ ድቡልቡል ብረት ዲፈረንሻል ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እርሱ፣ በተለይም በውስጡ ስለሚሞላው ዘይት ነው። «ይህ የገበያ ገጽ ነው ወይስ የጋራዥ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ቢያነብልኝ ነገሩ የብረት ሳይሆን የካፒታል መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከፍቼ እስከ ሙከ ጡሪ

አጎቴ ቅቤ ነጋዴ ነው። ከሰላሌ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ያስገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓመታት ካጠራቀመው ላይ የዕቁብ ብር ጨምሮ አንድ ያገለገለ ፒክአፕ ገዛ። መኪናው ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ወንበሩ አዲስ ጨርቅ ለብሶ ነበር። ደላላው «ሞተሩ ገና አልተነካም» አለው፤ እውነቱንም ነበር። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሦስት ወር ያህል እንደ ሠራ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ከኋላ በኩል እንደ ንብ ቀፎ የሚያነበንብ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሾፌሩ መፍትሔ አላጣም፤ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከገና ሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅቤ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ከፍቼ ተጭኖ ሲመጣ ሙከ ጡሪ ሳይደርስ ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናው ቆመ። ተጎትቶ ከገባበት ጋራዥ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ሲፈታ ዘይት ይፈስሳል ብለን ዕቃ ደቅነን ስንጠብቅ፣ የወጣው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ እርሱም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። በጭቃው ውስጥ የተሰባበረ የጥርስ ስብርባሪ ያብለጨልጫል።

«ጋሼ፣ ይህ መኪና ዘይት ካየ ቆይቷል» አለ መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«እኔ በየወሩ የሞተር ዘይት አስቀይራለሁኮ!» አለ አጎቴ።

«የሞተሩማ ሌላ ነው፣ ጋሼ። ይህኛው የራሱ አለው።»

አጎቴ ዝም አለ። በሦስት ወር ውስጥ ይህን የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። ሻጩም፣ ደላላውም፣ ሾፌሩም፤ ምንም እንኳ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዣለሁ ብል እኔም አልነገርኩትም። ያገለገለ ዲፈረንሻል ከሶማሌ ተራ እስኪፈለግ፣ ዋጋው እስኪቆረጥ፣ ተገጥሞ እስኪሞከር ገና አለፈ። የሰበሰበውን ቅቤ በሰው መኪና አስጭኖ ያመጣ ሲሆን የዚያን ሰሞን ትርፍ የኪራይ ባለመኪናው ወሰደው።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?

የሞተር ጉልበት ከካምቢዮ ተነሥቶ በረጅሙ ዘንግ አማካይነት ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ወደ ጎማዎቹ መሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲሽከረከሩ መፈቀድ አለበት። ይህን የሚያደርገው ዲፈረንሻል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ጋሪ የሚሆን ዲፈረንሻል አስመዝግቧል።

ለነገራችን ዋናው ግን ጥርሱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ወዲህ በመኪና ላይ እየተስፋፋ የመጣው ሃይፖይድ የሚባለው የጥርስ ዓይነት ትንሹን ጥርስ ከትልቁ መካከለኛ መስመር ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በዚህም ረጅሙ ዘንግ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው ወለልም አብሮ ይወርዳል፣ ጥርሱም ጠንካራና ድምፅ አልባ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። በዚህ አሠራር ጥርስ በጥርስ ላይ መንከባለል ብቻ ሳይሆን በከባድ ጫና እየተፋተገ ይንሸራተታል። በመካከላቸው ዘይት ባይኖር ብረት ብረትን ይበላዋል። ተራ ዘይት ቢኖር ደግሞ ጫናው ዘይቱን ጨምቆ ያወጣውና ውጤቱ ከዚያው ይደርሳል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዘይት የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ያለበት ነው። ጫናና ሙቀት ሲበረታ ቅመሙ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። የዲፈረንሻል ዘይት ጣሳ ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ሽታም የሰልፈሩ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

እዚህ ላይ ዘይት የሚሸጡም የሚገዙም ወገኖች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በጣሳው ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው ውፍረቱ ሲሆን 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-140 የሚለው ነው። ሁለተኛው ደረጃው ነው፤ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ተብሎ ይጻፋል። የአብዛኛው የኋላ ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ዘይት ጂኤል-5 ነው። ጂኤል-4 የቅመሙ መጠን ያነሰ ሆኖ በአብዛኛው ለማኑዋል ካምቢዮ የሚውል ነው። ጂኤል-5 ለካምቢዮ ያልተፈቀደበት መኪና ላይ ቢሞላ ቅመሙ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። በአንጻሩ ጂኤል-4 ወደ ዲፈረንሻል ቢገባ መከላከያው ያንሳል። «ዘይት ዘይት ነው» የሚለው አነጋገር ገንዘብ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው 90 የሚለውን ቁጥር አይቶ «ከሞተር ዘይቱ ከ50 በእጥፍ ይወፍራል» ይላል። አይደለም። የሞተር ዘይትና የጥርስ ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። 90 ቁጥር የጥርስ ዘይት ሲሞቅ ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በቅመሙ ነው። ስለሆነም «ወፍራም ነው» ተብሎ ከበርሜል እየተቀዳ ስም በሌለው ጀሪካን የሚሸጥ ነገር ውፍረቱን በጣት ብንነካው እንኳ ዋናውን ነገር አይነግረንም። ቅመም በጣት አይታወቅም።

አሞላሉ

ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ይሁንና ባለንብረት የሆነ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊያያቸው የሚገቡ ነጥቦች ጥቂት ናቸው፤ እነሆ።

መኪናው ትንሽ ተነድቶ ዘይቱ ለብ ካለ በኋላ ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። አንድ ወገኑ ብቻ በክሪክ ከተነሣ የዘይቱ ልክ ይሳሳታል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ከዘይት የበለጠ ነገር ያስከፍላልና ድጋፍ ይደረግበት። ከሁሉ በፊት የሚፈታው የላይኛው፣ ማለትም የመሙያው ቡሎን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ አልፈታም ቢል መኪናው ባዶውን ቀረ ማለት ነው።

አሮጌው ዘይት ሲወርድ ባለንብረቱ ይመልከት። በታችኛው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ግራጫ ቅባት የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ቢገኝ የተለመደ መፋተግ ነው። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ዘይቱ ወተት ጠብ እንዳለበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ወንዝ የሚሻገር መኪና ይህ ይደርስበታል።

ከዚያ የታችኛው ቡሎን ተጠርጎ ይታሰርና አዲሱ ዘይት ቀስ እያለ በላይኛው ቀዳዳ ይሞላል። ልኩ ከቀዳዳው ከንፈር መድረሱ ነው። ዘይቱ መልሶ መፍሰስ ሲጀምር በቃ ይባላል። በአንድ ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ነው፤ ትክክለኛውን የመኪናው መመሪያ ይናገራል። «ይጨመርበት፣ ከማነስ መብለጥ ይሻላል» የሚል ደግ ሰው ቢመጣ እሺ አይባል። የበዛ ዘይት ይናጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይሞቃል፣ በዘንጉ ጎሚኒ በኩል አልፎም የፍሬኑን ሸራ ያረጥባል። በመጨረሻም ከላይ ያለችው ትንሿ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ተደፍና እንደሆነ ትጸዳ። እርሷ ከተደፈነች የሞቀው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በጎሚኒው ያስወጣዋል። ብዙ ጊዜ «ጎሚኒ አለቀ» ተብሎ የሚቀየረው በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነው።

መቼ ይቀየር? መመሪያው ይበልጣል። በጥቅሉ ግን ለከባድ ሥራ 20 ሺሕ፣ ለቀላል ሥራ 40 ሺሕ ኪሎ ሜትር ተቀባይነት ያለው ልማድ ነው። በአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ተጭኖ የሚወጣና የሚወርድ፣ ወይም ከአዋሽ በሚሌ አድርጎ በቆላው ሙቀት ወደ ጋላፊ የሚሄድ መኪና ሥራው ቀላል ነው የሚል ካለ ይከራከረኝ።

ለምን ይረሳል?

እንግዲህ ወደ ሙያዬ ልመለስ። ዘይቱ ርካሽ፣ ሥራው የአንድ ሰዓት ከሆነ ለምን አይደረግም? ሰው ሁሉ ሰነፍ ስለሆነ ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቱ ጥቅሙና ወጪው በአንድ ሰው እጅ አለመሆናቸው ይመስለኛል።

የታክሲ ሚኒባስን እንመልከት። ሾፌሩ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። ለዲፈረንሻል ዘይት አንድ ቀን ቢቆም ጉዳቱ ዛሬውኑ ከኪሱ ይወጣል። ጥቅሙ ግን የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እርሱ ሌላ መኪና ላይ ይሆናል። ባለንብረቱ በበኩሉ መኪናውን የሚያየው ማታ ሒሳብ ሲቀበል ነው። ስለዚህ ዘይቱ የማንም ሥራ አይሆንም። የሞተር ዘይት የሚቀየረው መለኪያ ዘንግ ስላለው፣ መብራት ስለሚበራበት ነው። ዲፈረንሻል መብራት የለውም። የሚናገረው በድምፅ ሲሆን በተናገረ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል።

በሽያጭ ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና የሚያቀርበው መካከለኛ ዋጋ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ መኪናውን በደንብ የያዘ ሰው ስለሚከስር ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው የተበላሸው ነው። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ «ደኅና መኪና ገበያ ላይ አይወጣም» እየተባለ የሚነገረው የአከርሎፍ ትምህርት በአማርኛ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። የሚያጉረመርም ዲፈረንሻል ውስጥ የመጋዝ ዱቄት ወይም ከልክ በላይ የወፈረ ቅባት ጨምሮ ድምፁን አፍኖ መሸጥ በብዙ አገር የታወቀ የቆየ ተንኮል ነው። ገዢው ፀጥታውን ይገዛል፤ ፀጥታው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል።

ስሌቱ

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ መኪና ይተካቸው። ብር እየተለዋወጠ ስላስቸገረ መለኪያችን የመኪናው የአንድ ቀን ገቢ ይሁን። ዘይቱ፣ የእጅ ዋጋውና የቆመበት ሰዓት ተደምሮ 2 ቀን ያህል ገቢ ይውሰድ እንበል። ዲፈረንሻሉ ቢሰበር ደግሞ መኪናው 15 ቀን ይቁም፣ ዕቃውና ሥራው የ40 ቀን ገቢ ይፍጅ፤ በድምሩ 55 ቀን። 100 መኪናዎች ዘይታቸውን ቢቀይሩ ወጪው 200 ቀን ነው። ከ100ው 4ቱን ብቻ ከመሰበር ቢያድን 220 ቀን ይተርፋል። እንግዲህ ዘይት መቀየር እንዲያዋጣ ብዙ መኪና ማዳን አያስፈልገውም፤ ከ100 አራት ይበቃዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ዛሬ ደግሞ የሚዛኑ ክብደት ጨምሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ የግድ ሆኗል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫም ዘይትም ከውጭ ይመጣሉ። ሁለቱም ቢወደዱ ግን አንድ ጥርስ ለመተካት የሚወጣው ዶላር ሦስት ሊትር ዘይት ለመግዛት ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ይህ ዘይት አይቃጠልም፣ ለምን ይቀየራል?» ይላሉ። አዎን፣ አይቃጠልም። ነገር ግን ይሞቃል፣ ያረጃል፣ ቅመሙ ያልቃል፣ የብረት ዱቄትና ውኃ ይቀበላል። ሌሎች ደግሞ «የእኔ መኪና በ10 ዓመት አንድ ጊዜ አልተነካም፣ ይሄዳል» ይላሉ። ደስ ይበላቸው። ግን ይህን የሚናገረው መኪናው የሚሄድለት ሰው ብቻ ነው። የቆመበት ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ነውና ድምፁ አይሰማንም።

ትክክለኛ የሆነ ተቃውሞም አለ። ሁሉም መኪና የኋላ ዲፈረንሻል የለውም። ቪትዝ፣ ያሪስና ሌሎች በፊት ጎማ የሚነዱ አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ዲፈረንሻላቸው ከካምቢዮው ጋር ፊት ለፊት ነው፤ የሚጠቀሙትም የካምቢዮውን ዘይት ነው። የእነዚህ ባለቤት «የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ቀይሬልሃለሁ» ተብሎ ሒሳብ ቢጠየቅ ጎንበስ ብሎ ከሥር ይመልከት። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም «ከዘይት ተገላገልን» እንዳይሉ። በብዙዎቹ በሞተሩና በጎማው መካከል ፍጥነት የሚቀንሱ ጥርሶች አሉ፤ ጥርስ ባለበት ዘይት አለ።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ባለንብረቶች የዲፈረንሻል ዘይትን ከሾፌሩ ገቢ ላይ ማንሳት አለባቸው። ዘይቱ የሚቀየርበት ቀን ገቢ የማይጠየቅበት ቀን ይሁን። ያን ጊዜ ሾፌሩ ድምፁን በሬዲዮ ከመሸፈን ይልቅ ደውሎ ይናገራል። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የዘይቱ ዓይነት በአንድ ደብተር ይጻፍ። ያ ደብተር መኪናው በሚሸጥበት ቀን ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ ዘይት ነጋዴዎች የጂኤል ቁጥሩን በማየትና በማሳየት ይሽጡ። ስም በሌለው ጀሪካን መሸጥ ለዛሬ ትርፍ ያመጣ ይሆናል፤ ደንበኛው ሲሰበርበት ግን የሚጠፋው የሱቁም ስም ነው።

ሦስተኛ፣ ደላሎች ራሳቸው ይህን ልማድ ቢጀምሩት ከማንም በላይ ይጠቀማሉ። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት የመሙያው ቡሎን በገዢው ፊት ይፈታ። የዘይቱ ልክ ይታይ፣ ጣት ገብቶ ቀለሙ ይታይ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሻጩ «አይሆንም» ካለ መልሱ ተገኝቷል። እሺ ካለና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ያ ሻጭ ከመካከለኛው በላይ ዋጋ ይገባዋል፤ ደላላውም ከዚያው ልክ ኮሚሽኑን ይቀበላል። አከርሎፍ የነገረን ችግር መድኃኒቱ ይኸው ነው። ጥሩው ዕቃ ጥሩ መሆኑን የሚያሳይበት ርካሽ መንገድ ማግኘት አለበት። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ቁልፍና አንድ ጨርቅ ይበቃል።

አጎቴ ባለፈው ሰሞን ሁለተኛ መኪና ሊገዛ ወጥቶ አብሬው ሄድኩ። ቀለሙን አላየም፣ ጎማውንም አልመታም። ካፖርቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ገባ። ሻጩ ደነገጠ፤ ደላላው ሳቀ። አጎቴ ከሥር ሆኖ «ቁልፍ አቀብሉኝ» ሲል ግን የሁለቱም ሳቅ ቆመ። ያን መኪና አልገዛውም። ቀጥሎ ያየነውን ግን ሻጩ ራሱ ቁልፉን ይዞ ስለመጣ ሳይከራከር ገዛው።